ተሸንፎ የማያውቅ ውሃ ዘላይ

ባለፈው ሰሞን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ውሃ ዘላዮች ያሳያል። ማማው ጫፍ ላይ ይቆማሉ፣ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ አየር ላይ ይጠቀለላሉ፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሻዩን ረስቶ «ኧረ ጉድ ነው» ይላል። እኔ ስኳሬን እያማሰልኩ ዝም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ዝምታዬ ከነከነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን አልገረመዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምኑ ይገርማል? ገንዳው እኮ ውሃ አለው» አልኩት።

ሰውየው ጤንነቴን ተጠራጥሮ ነው መሰል ወንበሩን ራቅ አደረገ። ይራቅ። ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ መዝለል ምኑ ነው ጀግንነቱ? እኔ በደርግ ዘመን የአውራጃችን የውሃ ዝላይ ሻምፒዮን ነበርኩ። ያኔ ከተማችን ወረቀት ላይ ናዝሬት፣ በገበሬው አፍ አዳማ ነበረች፤ በሁለቱም ስሟ ግን ከእኔ ሌላ ውሃ ዘላይ አልነበራትም። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ተሸንፌ አላውቅም። ዋና ደግሞ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። ለውድድሩ ስመዘገብ የማውቀው ትልቁ ውሃ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። ይኼ እንዴት ይሆናል የሚል ሰው ካለ ያን ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። የነበረ ሰው አይጠይቅም።

ነገሩ የተጀመረው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የማይጀመር ነገር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዷል። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ከተላከ በኋላ ደብዳቤው ቀረ። እናቴ ከአርሲ ነገሌ ገበያ ባቄላና ሽምብራ እያስጫነች ናዝሬት ላይ የምትነግድ፣ ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ተሟግታ የማትረታ ሴትዮ ነበረች። ልጇን የወሰደባትን ግን ማን ብላ ትሟገተው? ከዚያ ወዲህ «ምልመላ» ወይም «ግንባር» የምትባል ቃል በሬድዮ ከተነገረች ሬድዮኑን ጠርቅማ ትዘጋዋለች። የቀረኋት እኔ ነኝ። ማትሪክ ወድቄ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ጤናዬ ሙሉ፣ ቁመቴ ለመሣሪያ የሚስማማ፤ ለምልመላ ተብሎ የተፈጠረ ሰው።

ያን ዕለት የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ጓድ መንገሻ መጣና መግለጫ ሰጠ። ጓድ መንገሻ ዓለምን ለሁለት የሚከፍል ሰው ነበር፤ በዕቅድ የተያዘና በዕቅድ ያልተያዘ። ዝናብ እንኳ በዕቅድ ካልተያዘ ቢዘንብበትም ጃንጥላ የሚዘረጋ አይመስለኝም። አውራጃው በሁሉም የስፖርት ዓይነት ተወዳዳሪ እንዲያቀርብ ዕቅድ መያዙን ነገረን። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እየጠራረገ፣ ለቡድን የተመረጠ ስፖርተኛ ለውትድርና አገልግሎት እንደማይነሳ ጣል አደረገ።

የሰፈራችንን ስፖርት ወዳድነት ያየሁት ያኔ ነው። አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ። እግር ኳሱ ገና ስሙ ሳይጠራ ሞላ። ደረጃ ሲወጣ የሚያስለው የጎረቤታችን ልጅ ለረጅም ርቀት ሩጫ ተመዘገበ። ቼዝ ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ቼዝ ላይ እጁን አወጣ፣ ሲመለስ ደግሞ «ኳሱ ትልቅ ነው ትንሽ?» ብሎ ጠየቀን። እኔ ሰው እየገረመኝ ስስቅ፣ ስስቅ ሁሉም አለቀ። መጨረሻ ላይ ጓድ መንገሻ «የውሃ ዝላይ» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። ናዝሬት ላይ ውሃ የሚባለው ቧንቧ የመጣ ዕለት በባልዲ የሚቀዳው ነው፤ ባልዲ ውስጥ ደግሞ አይዘለልም።

በዚህ መሃል ክንዴ ወደ ላይ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም። ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ ክርኔን ከሥር ይዛ እንደ ጆንያ አንስታዋለች። ዞር ብዬ ባያት ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ፣ ልጅነትህን አጥር ስትዘል ነው የጨረስከው፣ ይኼስ ምን ይለያል ብላ አንሾካሾከች። እንግዲህ ስፖርት የገባሁት እንዲህ ነው። ሌሎች ተሰጥኦ አላቸው ይባላል፤ እኔ እናት ነበረችኝ።

አሰልጣኝ ተመደበልኝ። አሰልጣኝ ደምሴ ይባላል፤ ከአንድ ሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ ነው። ምን እንደተማረ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ክብደት ማንሳት ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ የተማረው ቱታ አለባበስ ነው። ያን ሰማያዊ ቱታ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ በናዝሬት ፀሐይ እያላበው ቀብረር ብሎ ሲሄድ ጋሪ ነጂ ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። የመጀመሪያ ቀን፣ የምንለማመደው የት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ውሃ ዝርዝር ጉዳይ ነው፣ ዋናው አቋም ነው አለኝ። አቋም ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ እንኳን እኔ አገሩም አያውቅም፤ ግን «አቋም» የሚል ሰው ፊት ሁለተኛ ጥያቄ አይጠየቅም።

ወደ ገንዳ የሚወስድ መኪና አልነበረንም፤ የስፖርቱ መኪና ለእግር ኳስ ነው። ስለዚህ ልምምዳችን ከእናቴ የእህል መጋዘን ጣሪያ ላይ ሆነ። ከታች ገለባ የሞላ ጆንያ ይደረደራል፣ እኔ ቁምጣዬን ለብሼ ቆርቆሮው ላይ እወጣለሁ፣ አሰልጣኝ ደምሴ ፊሽካውን ይነፋል፣ እኔ እወድቃለሁ። ዝላይ አልለውም። ሰፈሩ ሥራ ፈቶ ያየኛል፤ ሴቶቹ እናቴን፣ ልጅሽን ምን ነካው፣ ጠበል አይሞክርም ወይ ይሏታል። እሷ ደግሞ ኮራ ብላ፣ ስፖርተኛ ነው ትላለች። ቀስ በቀስ አወዳደቅ ለመድኩ። እውነቱን ለመናገር ገለባ ላይ የሚያህለኝ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ግን ከአርሲ ነገሌ ጭነት ገብቶ ኖሯል። ጫኝና አውራጆቹ ምን በወጣቸው፣ ሽምብራውን ከገለባው ላይ ደርድረውታል። ጆንያ ጆንያ ነው፤ ከላይ ሆኖ ሽምብራና ገለባ የሚለይ ዓይን አልተሰጠኝም። ፊሽካው ተነፋ፣ ወረድኩ። ሽምብራ እንደ ገለባ እሺ አይልም። መቀመጫዬ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መቀመጫ አልነበረም፤ ምሳዬን ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር የምበላው። ይህ ሳያንስ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራብኝ። አሰልጣኝ ደምሴ፣ ጓድ ዘላይ ከመዝለሉ በፊት ተጨባጭ ሁኔታውን አላጠናም ሲል ሂስ አቀረበ። እኔም ቆሜ፣ ቁጭ ማለት ስለማልችል፣ በሽምብራው ላይ ያሳየሁትን ቸልተኝነት አምኜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ሽምብራው ግን ምንም አላለም።

ከዚያ የውሃ ትውውቅ የሚባል ነገር መጣ። ዛሬ ባቱ የሚሏት ዝዋይ ድረስ ዓሣ በሚጭን አይሱዙ ሄድን። አሰልጣኝ ደምሴ ሐይቁን ባየ ጊዜ ከእኔ በላይ ነው የፈራው፤ ቱታው እንዳይረጥብ ብሎ ከዳሩ አልጠጋም አለ። እኔን አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ አስጫነኝና መሃል ላይ ሲደርስ እንድዘል ከሩቅ ፊሽካ ነፋ። ዓሣ አጥማጁ፣ ደግ ሰው ነው፣ ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ አቋም አለኝ አልኩት። እንዲህ ያለ ጅል በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። ዘለልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በመረብ ከቆሮሶ ዓሣ ጋር ተጎትቼ ጀልባው ወለል ላይ አፌን ስከፍትና ስዘጋ ነው። ዓሦቹም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ወዲያ ማዶ ጉማሬ ጭንቅላቱን አውጥቶ አየኝና ተመልሶ ገባ።

አሰልጣኝ ደምሴ በስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ጓድ ዘላይ ውሃ ውስጥ በሰላም ገብቶ በሰላም ወጥቷል አለ። በምን እንደወጣሁ የጠየቀ የለም። ጓድ መንገሻ አጨበጨበ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ።

ውድድሩንማ ተዉት። የአውራጃዎች ውድድር ሲመጣ ሌሎቹ አውራጃዎች ውሃ ዘላይ የላቸውም። ገንዳም የለም፤ የሚደረገው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ዳኛው ስሜን ይጠራል፣ እኔ በቁምጣ እቀርባለሁ። የተጋጣሚዬን ይጠራል፣ ማንም ብቅ አይልም። ፊሽካ ይነፋል፣ እጄ ወደ ላይ ይነሳል፣ አሸናፊ። ዋንጫ ይዤ ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችውና የምስር መስፈሪያ አደረገችው። ልኩ ትክክል ነው አለች። አንድ ዓመት ብቻ፣ እግዜር አያድርግባችሁ፣ ተጋጣሚ መጣ። ከሌላ አውራጃ የተላከ፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቁምጣው ከእኔም የሰፋ ሰው። ያን ዓመት ደግሞ አንዱ የመንግሥት እርሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ተዘጋጅቶልናል። ሁለታችንም ዳሩ ላይ ቆመን ተያየን። ዓይኑን ሳይ ቤታችን ሬድዮ ሲጠረቀም ትዝ አለኝ፤ የእሱም እናት ክርን ማንሳት የምታውቅ መሆን አለባት። ምንም ሳንነጋገር እሱ ሆዱን ያዘ፣ እኔ ወገቤን ያዝኩ፣ ዳኛው ሁለታችንንም አይቶ እኔን አንደኛ እሱን ሁለተኛ አለ። ስንለያይ እንደ ወንድም ተቃቀፍን።

ሰው ሲጨበጨብለት መልመዱ አይቀርም። ለበዓል ሰልፍ በጭነት መኪና ላይ አቆሙኝ፤ በዋና ልብስ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አሁን ልዘል ነው እንደሚል ሰው። ከሥሬ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር ተሰቅሏል። ፀሐይዋ ጀርባዬን ላጠችኝ፣ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም አመንኩ። ኳስ ተጫዋቾቹን ናቅሁ፤ መሬት ላይ እየሮጡ ስፖርተኛ ነን ይላሉ አልኩ። መንገድ ላይ ወጣቶች ሲያገኙኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዋናው አቋም ነው እያልኩ መከርኳቸው። በየጊዜው ምልመላ ይመጣል፣ የሰፈሬ ልጆች ይሄዳሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ማታ ማታ እናቴ ራቴን ስታቀርብ ፊቷ ያርፋል። ለዚያ ፊት ስል ሽምብራ ላይ ደግሜ እወርድ ነበር።

ታዲያ ነገር እንዲህ ሰላም ሆኖ አይቀጥልም። ከላይ ትልቅ ጓድ ናዝሬትን ሊጎበኝ ሆነ። ተሸንፎ የማያውቅ ውሃ ዘላይ እንዳለን ሰምቷል፤ ማየት ይፈልጋል። ዝላዩ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፍል ውሃ መዝናኛ እንዲሆን ተወሰነ። ስሙን አልጠራም፤ የናዝሬት ሰው የቱ እንደሆነ ያውቀዋል። ትልቅ ገንዳ አለው፣ ከገንዳው አፍ ላይ የሲሚንቶ ማማ አለው፣ በማማው ዙሪያ ደግሞ በሰው ላይ የሚያላግጡ ጦጣዎች አሉት።

ጓድ መንገሻ ዘንድ ሄጄ ታምሜያለሁ አልኩት። በሽታ በዕቅድ አልተያዘም አለኝ። ዋና አልችልም አልኩት። ያን ሁሉ ዋንጫ ማን ወሰደው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ተናገረ።

«ካልዘለልክ ስፖርተኛ አይደለህም። ስፖርተኛ ካልሆንክ ደግሞ፣ አዲሱ ምልመላ በር ላይ ነው፤ ቀሪውን ራስህ ታውቀዋለህ።»

አወቅሁት። እናቴም አወቀችው። ያን ሰሞን ምስር ስትሰፍር ቆጠራው እየጠፋት እንደገና ትጀምር ነበር። አሰልጣኝ ደምሴ መላ አገኘሁ አለ፤ አፍንጫህን ይዘህ ቀጥ ብለህ ትወርዳለህ፣ የገንዳው ጠባቂ ኦቦ ቱፋ ረጅም እንጨት ይዘረጋልሃል፣ ትይዛለህ፣ ትወጣለህ። ክፉ አይደለም አልኩ። በመረብ የወጣ ሰው በእንጨት መውጣት አያቅተውም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ውሃ።

በዕለቱ ጠዋት ከእናቴ ጋር በጋሪ ደረስን። ሕዝቡ ሳሩ ላይ ተኮልኩሏል፣ የሙዚቃ ጓዱ መለከቱን ይወለውላል፣ መፈክሩ ተሰቅሏል። ገንዳውን ልይ ብዬ ጠጋ አልኩ። ደረቅ ነው። ወለሉ ያብለጨልጫል፤ ኦቦ ቱፋ ሱሪውን ጠቅልሎ መሃሉ ላይ በመጥረጊያ ይፈትጋል።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ቱፋ፣ ውሃው የት ሄደ?»

«ለእንግዳው ክብር እጠብ አሉኝ፣ አጠብኩ። ሙላ ያለኝ ሰው የለም።»

ሮጬ ጓድ መንገሻን ያዝኩት። እሱም ገንዳውን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ በዕቅድ ያልተያዘ ነገር አየ። ሙላ ተባለ። ውሃው ከፍል ውሃው ምንጭ የሚመጣው በቀጭን ቱቦ ነው፤ ኦቦ ቱፋ ሲከፍተው ገንዳው ጥግ ላይ እየተንጠባጠበ ጀመረ። በዚያው ቅጽበት የእንግዳው መኪኖች ጡሩምባ ተሰማ። ፕሮግራሙ ይተላለፍ አልኩ። ፕሮግራም አይተላለፍም፤ መጀመሪያ ንግግር ነው፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ይሞላል አለ። ደግሞም ከተናጋሪው ጀርባ ስፖርተኛው ማማው ላይ ዝግጁ ሆኖ እንዲታይ ታዟል ብሎ ወደ መሰላሉ ገፋኝ።

ወጣሁ። ሲሚንቶው የውስጥ እግሬን ይጠብሰኛል። እንግዳው ጓድ ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ ከሥሬ ቆሟል፤ ሕዝቡ ያለበት ሳር ከገንዳው አፍ ዝቅ ስለሚል፣ ቢነሳም እንኳ የገንዳው ወለል አይታየውም። ወለሉን የምናየው እኔና ጦጣዎቹ ብቻ ነን። እናቴ ከግራሩ ጥላ ሥር ጃንጥላዋን ይዛ ወደ እኔ ታንጋጥጣለች። አይዞሽ እንዳልላት እኔም አይዞህ የሚለኝ እፈልጋለሁ።

መቼም የዚያን ዘመን ንግግር የሰማ ያውቀዋል። ሄደን እንበላለን፣ ተመልሰን እናገኘዋለን። ሽንት ቤት ሄደህ ስትመለስ ኢምፔሪያሊዝም ገና አልወደቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ንግግር ስረግም የኖርኩ ሰው ዛሬ ብቻ ይርዘም ብዬ ጸለይኩ። ሰውየው ግን፣ መንገዱ አድክሞት ይሁን ሙቀቱ፣ አጭር ወረቀት ይዞ መጥቷል። አንዴ ገለጠ፣ ሁለቴ ገለጠ፣ ከዚያ «በመጨረሻም» አለ። ቁልቁል አየሁ። ውሃው ገና የኦቦ ቱፋን ቁርጭምጭሚት አልሸፈነም።

ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ ግራ እጄን ወደ ሰማይ ወርውሬ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ ከዚያ ተነሳ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ያን ጊዜ መፈክር ሲባል መነሳት ግዴታ ነው፤ ከባዱ ግን ማቆሙ ነው። ጭብጨባ መጀመሪያ ያቆመ ሰው ለምን እንዳቆመ ይጠየቃል። ስለዚህ ሁሉም ጎረቤቱን በጎን እያየ ያጨበጭባል፣ ጎረቤቱም እሱን ያያል። ጓድ መንገሻ በዓይኑ ሊበላኝ ፈለገ፣ እጁ ግን ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጭባል። እንግዳው መጀመሪያ ቅር አለው፤ ቀጥሎ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስለ ኢምፔሪያሊዝም በቃሉ ያወራ ጀመር። ውሃው ጉልበት ደረሰ።

መንገዱ ተገለጠልኝ። «በመጨረሻም» ባለ ቁጥር እጮሃለሁ። ፊውዳሊዝምን አወደምኩ፣ ቢሮክራሲን አወደምኩ፣ አድኃሪያንን አንድ በአንድ አወደምኩ። መሃይምነትን ከሥሩ ነቀልኩ። ድል ለሰፊው ሕዝብ ሰጠሁ። ድርቅን፣ በረሃማነትን፣ አንበጣን ሳይቀር አወገዝኩ። በእያንዳንዱ መፈክር ሰውየው እየጋለ አዲስ ምዕራፍ ይከፍታል። ሕዝቡ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። አንድ መለከት ነፊ በሙቀቱ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ወድቆም ያጨበጭብ ነበር። አሰልጣኝ ደምሴ ቱታው ውስጥ ተቀቅሏል። ከሁሉ የገረመችኝ እናቴ ናት። በስብሰባ ላይ አጨብጭባ የማታውቅ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገብቷት፣ ጃንጥላዋን ጥላ እጇ እስኪቀላ ታጨበጭባለች። እሷ ስላላቆመች ሴቶቹ አያቆሙም፣ ሴቶቹ ስላላቆሙ ወንዶቹ አያቆሙም። ያን ጊዜ ያቺን ሴትዮ ምን ያህል እንደምወዳት ከማማው ላይ ሆኜ አወቅሁት።

ውሃው ወገብ ደረሰ፣ ደረት ደረሰ። ትንሽ ቀርቶታል። ሰውየው ድምፁ ተዘግቶ «በመጨረሻም» አለ፤ ይኼኛው የእውነት ይመስላል። አፌን ከፈትኩ፣ መፈክር የለም። ሁሉንም ጨርሻለሁ። የሚወድም ነገር ሁሉ ወድሟል። ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዲት ብቻ ቀርታ አገኘሁ፤ በየግድግዳው የተጻፈች፣ በየሬድዮው የምትነገር፣ ቤታችን ውስጥ ግን ሬድዮ የምታስዘጋ። ልዋጣት ስል ሰውየው ወደ መቀመጫው መዞር ጀመረ።

«ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» ብዬ ጮህኩ።

ሜዳ ሙሉ ሰው በአንድ እግሩ ቆመ። የሙዚቃ ጓዱ ሳይታዘዝ መታ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ሁለት እጆች ብቻ ማጨብጨባቸውን አቆሙ፤ ከግራሩ ሥር። እንግዳው ጓድ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ ሽቅብ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እጁን አንስቶ ሕዝቡን ዝም አሰኘ።

«ጓድ፣ ውረድ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ወኔ ውሃ ላይ አይባክንም። ቦታህ ግንባር ነው።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይህ ወጣት ራሱን በፈቃዱ አቀረበ አለ። ጭብጨባው ከቀድሞው ሁሉ በለጠ። ጓድ መንገሻ ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ ከአውራጃችን በገዛ ፈቃዱ የዘመተ የመጀመሪያው ስፖርተኛ መሆኔን ገለጸ፤ ወዲያው በዕቅድ የተያዘ አደረገኝ። እኔም በመሰላሉ ወረድኩ። ማማ ላይ ወጥቶ፣ ሳይዘል በመሰላል ወርዶ፣ እንዲህ የተጨበጨበለት ውሃ ዘላይ በዓለም ላይ ካለ አሳዩኝ። አሰልጣኝ ደምሴ ጨበጠኝና አቋምህ ጥሩ ነበር አለኝ። ገንዳው በዚያን ጊዜ ጢም ብሎ ሞልቶ እየፈሰሰ የእንግዳውን ጫማ ያርስ ነበር፤ ኦቦ ቱፋ ቱቦው አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ዝጋ ያለው ሰው የለም።

ሕዝቡን ጥሼ እናቴ ዘንድ ደረስኩ። ጃንጥላዋን ከመሬት አንስታ አቧራውን ታራግፋለች፤ መዳፎቿ እንደቀሉ ናቸው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ቀን እጅህን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች። «አፍህን ግን ማን ከፈተው?»

ጃንጥላውን ተቀበልኳትና ወደ ጋሪው ሄድን።